ጥቂት በየዕለቱ፤ አዲስ ሞያ ለሚማር ነጋዴ የቀረበ ትምህርት

የንግድ ቤት ባለቤት ለዕቃው፣ ለመጋዘኑና ለሠራተኛው ደመወዝ የሚያወጣውን ገንዘብ አስቀድሞ ያሰላል። አዲስ ሞያ ለመማር ወይም ሠራተኛውን ለማስተማር የሚያወጣውን ጊዜ ግን በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የሚያሰላ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ሠራተኛው ለአንድ ሳምንት ወይም ለዐሥራ አምስት ቀን ከጧት እስከ ማታ ትምህርት ይሰጠዋል፤ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ የተማረውን ሳይነካው ሁለት ወር ያልፋል። በሦስተኛው ወር ባለቤቱ አዲሱን ሞያ በሥራ ላይ ለማዋል በፈለገ ጊዜ፣ ሠራተኛው መጽሐፉን እንደ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይገልጣል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የሠራተኛው ስንፍና ወይም የአስተማሪው ድክመት ተደርጎ ይቈጠራል። ዋናው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ የትምህርቱ ሰዓት አከፋፈል ነው።

ይህ ትምህርት የሚመለከተው ይህንኑ የሰዓት አከፋፈል ነው። ለአንድ ሞያ የተመደበው ሰዓት በጥቂት ቀናት ላይ ከሚከማች ይልቅ በብዙ ቀናት ላይ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ቢከፋፈል የበለጠ ፍሬ ይሰጣል። ይህ ነገር በምን እንደ ተረጋገጠ፣ ምን እንደሚያስከፍልና በቡና ላኪው፣ በአስመጪውና በባለ ሱቁ ቤት እንዴት ሊሠራበት እንደሚቻል ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ይገለጻል።

1ኛ፤ ሰው የተማረውን በምን ፍጥነት ይረሳል?

ይህን ጥያቄ በቍጥር ለመመለስ ከሞከሩት ሰዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ስለ ትዝታ የጻፈው መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ታተመ። የሚመረመረው ሰው ራሱ ነበረ። ቀድሞ የሚያውቀው ነገር እንዳያግዘው ትርጕም የሌላቸውን ድምፆች በተርታ እየጻፈ፣ ያለ ስሕተት በቃሉ እስኪወጣው ድረስ ይደጋግማቸው ነበር። ከዚያም የተወሰነ ጊዜ ካሳለፈ በኋላ ያንኑ ተርታ እንደ ገና ያጠናና፣ ሁለተኛው ድካም ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህል እንደ ቀነሰ ይመዘግባል። የቀነሰው ድካም በአእምሮው ውስጥ የቀረው ትርፍ መለኪያ ሆነለት።

ውጤቱ እንደሚከተለው ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከመጀመሪያው ድካም 58 በመቶ ያህሉ ተረፈለት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ ያህሉ፤ ከአንድ ቀን በኋላ አንድ ሦስተኛው ያህል፤ ከአንድ ወር በኋላ አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ተረፈለት። ይህን መዝገብ በነጋዴ ዓይን የተመለከተ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያስተውላል። በመጀመሪያው ቀን የጠፋው ከመቶ ስድሳ ስድስት ያህል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ባለው ወር ሙሉ የጠፋው ከመቶ ዐሥራ ሦስት ያህል ብቻ ነው። ከመጋዘኑ የሚጐድለው ዕቃ ገብቶ ባደረበት በመጀመሪያው ሌሊት የሚጐድል ከሆነ፣ ብልህ ባለ ንብረት ዘበኛውን የሚያቆመው በዚያው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። እንደዚሁም የተማረውን ነገር በማግሥቱ የደገመ ሰው ዘበኛውን በተገቢው ሰዓት አቆመ ይባላል።

በእርግጥ ትርጕም የሌለው ድምፅና ትርጕም ያለው የንግድ ዕውቀት እኩል አይረሱም፤ የሚያስተውሉት ነገር ከማያስተውሉት ይልቅ ይቈያል። ነገር ግን መጀመሪያ በፍጥነት፣ በኋላ በዝግታ የመጥፋቱ ሥርዐት በሌሎችም ትምህርቶች ላይ ታይቷል።

ኤቢንግሃውስ ሌላም ነገር ሞክሯል። 12 ድምፆች ያሉትን አንድ ተርታ በአንድ ቀን በተከታታይ 68 ጊዜ ቢደጋግመው፣ በማግሥቱ እንደ ገና ለማጥናት የሚቀርለት ድካም ምን ያህል እንደ ሆነ መዘገበ። ቀጥሎም መደጋገሙን በሦስት ቀን ላይ ቢከፋፍለው፣ ያንኑ የሚያህል ጥቅም በ38 ጊዜ ብቻ አገኘ። የተቈጠበው 30 ጊዜ መደጋገም ነው፤ ይኸውም ከሥራው ከመቶ አርባ አራት ያህሉ ማለት ነው። ዕቃውን ሳይለውጥ፣ የማስረከቢያውን ቀን በመከፋፈል ብቻ ከወጪው ከመቶ አርባ አራት የሚቀነስለት ነጋዴ ቢገኝ፣ ይህን ዕድል የሚያሳልፈው አይመስልም።

2ኛ፤ የእንግሊዝ ፖስተኞች የተማሩት የጽሕፈት መኪና

አንድ ሊቅ በራሱ ላይ ያደረገው ምርመራ ለንግድ ቤት በቂ ማስረጃ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ከሥራ ዓለም የተወሰደ ሌላ ምሳሌ አለ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ደብዳቤዎችን በመኪና ለመለየት በወሰነ ጊዜ፣ የአድራሻውን ምልክት በጣት እየመታ የሚያስገባ ብዙ ሠራተኛ አስፈለገው። ስለዚህ ፖስተኞቹ የጽሕፈት መኪና አመታት መማር ነበረባቸው። ጥያቄው ትምህርቱ በምን ያህል ፍጥነት ይሰጣቸው የሚል ነበር። አለን ባደሊና ሎንግማን የተባሉት ተመራማሪዎች ፖስተኞቹን በአራት ቡድን ከፍለው አስተማሩና ውጤቱን በ1978 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሳተሙ።

የመጀመሪያው ቡድን በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተማረ። ሁለተኛው በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት፣ ሦስተኛው በቀን አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተማረ። አራተኛው በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ አራት ሰዓት ተማረ። በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት የፊደሎቹን ቦታ ለማወቅ 35 ሰዓት ያህል ሲበቃቸው፣ በቀን አራት ሰዓት የተማሩት 50 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ትምህርቱ በቀጠለም ጊዜ የመጀመሪያዎቹ በ55 ሰዓት የደረሱበትን ችሎታ የኋለኞቹ የደረሱበት በ80 ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የተማሩት ውጤታቸው መካከለኛ ሆነ።

ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ 25 ሰዓት ተቈጠበ። ዐሥር ሠራተኞች የሚያስተምር ድርጅት ቢሆን 250 የደመወዝ ሰዓት ይቈጠብለታል ማለት ነው።

3ኛ፤ የዚህ አሠራር ዋጋ

ዋጋ የሌለው ጥቅም የለምና፣ ይህም አሠራር የሚያስከፍለው ነገር አለ። በሳምንት አምስት ቀን የሚማር ሰው በቀን አንድ ሰዓት እየተማረ 55 ሰዓቱን ለመጨረስ 11 ሳምንት ያስፈልገዋል። በቀን አራት ሰዓት የሚማረው ግን 80 ሰዓቱን በአራት ሳምንት ይጨርሳል። የመጀመሪያው ሰዓት ያተርፋል፤ ሁለተኛው ቀን ያተርፋል። ዕቃው በወደቡ ላይ ቆሞ ሠራተኛ የሚጠባበቅ ነጋዴ ምናልባት ቀኑን ሊመርጥ ይገደድ ይሆናል። ሥራውን ከሦስት ወር በፊት አስቦ የሚያዘጋጅ ነጋዴ ግን በሰዓቱ ያተርፋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አዲስ ሞያ የሚያስፈልግበትን ጊዜ አስቀድሞ የሚያይ ሰው በርካሽ ይማራል፤ ዘግይቶ የሚነቃ ሰው በውድ ይማራል የሚል ነው።

በዚሁ ምርመራ ሌላ የሚያስገርም ነገር ታየ። ፖስተኞቹ ስለ ትምህርታቸው በተጠየቁ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ደስታ የተሰማቸው በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት፣ ማለት ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያገኙት ነበሩ። ከባልደረቦቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ መሰላቸው። በየዕለቱ ጥቂት የሚማር ሰው እድገቱን በዓይኑ አያይም፤ ቀኑን ሙሉ የደከመ ሰው ግን ድካሙን እንደ ዕውቀት ይቈጥረዋል። ስለዚህ ባለቤቱ የአሠራሩን መልካምነት በተማሪው ፊት ገጽታ ሊመዝነው አይገባም፤ በመዝገብ ሊመዝነው ይገባዋል።

4ኛ፤ እድገቱ የቆመ ሲመስል

በየዕለቱ ልምምድ የሚያደርጉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚተዉት መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መካከል ላይ ነው። ዊሊያም ሎ ብራያንና ኖብል ሃርተር የተባሉ አሜሪካውያን በ1897ና በ1899 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስለ ቴሌግራፍ ሠራተኞች ትምህርት ሁለት ጽሑፍ አሳተሙ። ሃርተር ራሱ ቴሌግራፍ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ተማሪዎቹን በየሳምንቱ እየለኩ የእድገታቸውን መስመር በወረቀት ላይ ባወጡ ጊዜ፣ የመላክ ችሎታ ፈጥኖ እንደሚያድግ፣ የመቀበል ችሎታ ግን ለጥቂት ሳምንታት ካደገ በኋላ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንደሚቆም ተመለከቱ። ተማሪው ይለማመዳል፤ ቍጥሩ ግን አይጨምርም። ከዚያ በኋላ መስመሩ እንደ ገና ወደ ላይ ይወጣል።

ሁለቱ ጸሐፊዎች ይህን ሲያብራሩ፣ ተማሪው በመጀመሪያ የሚሰማው ፊደሉን ለየብቻ ነው፤ በኋላ ቃሉን በሙሉ፣ ከዚያም ሐረጉን በአንድነት መስማት ይጀምራል አሉ። ሜዳው ላይ የቆመ በሚመስልበት ጊዜ ታችኛው ችሎታ ያለ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እየሆነ ነው። ከዚህ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለው ሜዳ በተማሪ ሁሉ ላይ እንደማይታይ ጽፈዋል፤ ስለዚህ የማይቀር ሕግ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ቢሆንም ለነጋዴው የሚጠቅም ምክር ይገኝበታል። ሦስት ሳምንት ተለማምዶ እድገት ያላየ ሰው ተስፋ ከመቍረጡ በፊት ሁለት ነገር ይመርምር፤ አንደኛ ታችኛው ችሎታ በእርግጥ ለምዶለት እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ የሚለማመደው ነገር ከችሎታው እጅግ ቀላል ሆኖበት እንደ ሆነ። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ስለ ትዕግሥት ሲነገር፣ ዕንቍላሉ ውጪው ጸጥ ባለበት ጊዜ ውስጡ ሥራ ላይ መሆኑንም ያስታውሳል።

5ኛ፤ ሥራና ልምምድ የተለያዩ መሆናቸው

ሃያ ዓመት ሱቅ የጠበቀ ሰው የሃያ ዓመት ልምምድ አለው ለማለት አይቻልም። ሥራ የሚፈልገው የዕለቱ ጉዳይ እንዲያልቅ ነው፤ ልምምድ የሚፈልገው ግን ትናንት ያልተቻለው ነገር ዛሬ እንዲቻል ነው። ሰው ለጕዳዩ የሚበቃውን ያህል ካወቀ በኋላ በዚያው መጠን ረግቶ መኖር ይችላል።

አንደርስ ኤሪክሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1993 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተሙት ጥናት በበርሊን ከተማ ቫዮሊን የሚማሩ ወጣቶችን መርምረዋል። ታላላቅ ተጫዋቾች ይሆናሉ የተባሉት በቀን በአማካይ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻቸውን ይለማመዱ ነበር፤ የሙዚቃ አስተማሪ ለመሆን የሚማሩት ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል። ብርቱዎቹ ሰዓታቸውን በአንድ ትንፋሽ አይጨርሱትም፤ በመካከሉ ያርፉ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ልምምድ ብቻውን በሰዎች መካከል ያለውን የችሎታ ልዩነት ሁሉ እንደማያስረዳ አሳይተዋል። ነገር ግን በልምምዱ ጠባይ ላይ ያለው ነጥብ ለንግድም ይሠራል፤ ይኸውም ልምምድ የሚባለው አንድን ጕድለት ለይቶ የሚይዝ፣ ከችሎታ ጥቂት ከፍ ያለና ስሕተቱ ወዲያው የሚታወቅ ሥራ ነው። ስሕተቱን የማያሳይ ልምምድ ስሕተቱን ያጸናል።

6ኛ፤ የጃፓን ንግድ ምክር ቤት ያደረገው

የዕለት ልምምድን ለነጋዴዎች በሥርዐት ካደራጁት አገሮች አንዷ ጃፓን ናት። ጃፓናውያን ሶሮባን የሚባለውን፣ በዘንግ ላይ በተሰኩ ፍሬዎች የሚቈጠረውን የሒሳብ መሣሪያ ከቻይና ተቀብለው ለዘመናት ሠርተውበታል። የጃፓን የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤት ከ1944 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የሶሮባን ፈተና በየደረጃው ያካሂዳል። ተማሪው ከታችኛው ደረጃ ተነሥቶ ወደ አንደኛው ይወጣል፤ ማባዛት፣ ማካፈልና መደመር በተወሰነ ደቂቃ ይሰጡታል።

በኅዳር 1946 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በቶኪዮ አንድ ውድድር ተደረገ። ኪዮሺ ማትሱዛኪ የተባለ የፖስታ ቍጠባ ሠራተኛ በሶሮባን፣ ቶማስ ናታን ዉድ የተባለ የአሜሪካ ወታደር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሒሳብ መኪና ተወዳደሩ። ማትሱዛኪ አራት ለአንድ አሸነፈ፤ መኪናው የበለጠው በማባዛቱ ብቻ ነበር። ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ያለው ስልክ ሁለቱንም እንደሚያሸንፍ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ታሪክ የሚፈለገው መሣሪያው አይደለም። የሚፈለገው የትምህርቱ አቋም ነው፤ ሞያው በደረጃ ተከፍሏል፤ ልምምዱ አጭር ነው፤ ጊዜው ይለካል፤ መልሱ ትክክል ወይም ስሕተት መሆኑ በዚያው ሰዓት ይታወቃል። ይህ አቋም ወደ ሌላ የንግድ ሞያ ሊዛወር ይችላል።

7ኛ፤ ሦስት ምሳሌ ከነጋዴ ቤት

ሀ/ ቡና ላኪው። የራሱን ቡና ቀምሶ መለየት የማይችል ላኪ፣ ገዢው «ናሙናው የሻገተ ጣዕም አለው» ብሎ ዋጋ በሚቀንስበት ጊዜ የሚመልሰው ቃል የለውም። ስለዚህ ቅምሻ መማር ለእርሱ የዋጋ ጕዳይ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት የቅምሻ ደንብ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ያዝዛል፤ የውሃው ሙቀት 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ ከላይ የሚሰፍረው የቡና ሽፋን ከአራት ደቂቃ ያህል በኋላ በማንኪያ ይሰበራል።

ልምምዱ በሦስት ስኒ ይደረጋል። ሁለቱ ስኒዎች አንድ ዓይነት ቡና፣ ሦስተኛው ሌላ ቡና ይቀዳባቸዋል፤ ምልክቱ ከስኒው ሥር ይጻፋል። ለማጁ ልዩ የሆነውን ስኒ ለይቶ መልሱን ከጻፈ በኋላ ስኒውን ገልብጦ ያያል። በመጀመሪያው ሳምንት ደረቅ የሐረር ቡና ከታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና ጋር ይቅረብለት፤ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ይህን ሲለምድ የታጠበ ይርጋ ጨፌ ከታጠበ ሲዳማ ጋር ይቅረብለት፤ አካባቢዎቹ ጎረቤት ስለ ሆኑ ሥራው ይከብዳል። ከመዝገቡ ጋር አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በዕድል ብቻ ከሦስቱ አንዱን ያገኛል። ስለዚህ በ30 ሙከራ 10 ያገኘ ሰው ገና አልተማረም፤ 25 ያገኘ ግን በእርግጥ ለይቷል። በየቀኑ ሁለት ሙከራ ቢደረግ 30ው በ15 ቀን ይሞላል።

ለ/ ሰነድ የሚመረምረው ነጋዴ። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚካሄድ ንግድ የሚመራበት ዩ ሲ ፒ 600 የተባለው የዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ከሐምሌ 1 ቀን 2007 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የጸና ሲሆን 39 አንቀጾች አሉት። አስመጪም ሆነ ላኪ ይህን ደንብ በአንድ ሌሊት ለማንበብ ቢሞክር ከጥቂት ቀን በኋላ የሚቀርለት ጥቂት ነው። በየጧቱ አንድ አንቀጽ እያነበበ፣ የትናንቱን ሳያይ በቃሉ ቢደግም ግን በ39 ቀን ይጨርሰዋል።

ንባቡ በልምምድ መታሰር ይኖርበታል። ለምሳሌ በአንቀጽ 30 መሠረት የዕቃው መጠን በማሸጊያ ወይም በነጠላ ዕቃ ቍጥር ካልተገለጸ፣ የሚከፈለውም ገንዘብ ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ መጠን ካልበለጠ፣ በመጠኑ ላይ የ5 በመቶ መብለጥ ወይም መጕደል ይፈቀዳል። ሰነዱ «19,200 ኪሎ ግራም ቡና» የሚል ከሆነ 5 በመቶው 960 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 18,900 ኪሎ የላከ ሰው በደንቡ ውስጥ ነው። ሰነዱ «320 ጆንያ» የሚል ከሆነ ግን 315 ጆንያ የላከ ሰው፣ ጆንያው 60 ኪሎ ሆኖ ክብደቱ ያው 18,900 ኪሎ ቢሆንም እንኳ፣ ይህ ፈቃድ አያድነውም። አንዲት ቃል ገንዘቡን ታዘገያለች።

ከሁሉ የሚበልጠው የልምምድ መሣሪያ በቢሮው መደርደሪያ ላይ ያለው አሮጌ ፋይል ነው። ባንኩ ጕድለት አግኝቶበት የመለሰውን ሰነድ ማውጣት፣ ባንኩ ጕድለቶቹን የዘረዘረበትን ደብዳቤ መሸፈን፣ ኢንቮይሱንና የመርከብ ጭነት ሰነዱን ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ጋር ቃል በቃል እያመሳከሩ ስሕተቱን በራስ መፈለግ፣ በመጨረሻ ደብዳቤውን ገልጦ ማነጻጸር ነው። በቀን አንድ ፋይል ይበቃል። ትናንት ኪሣራ ያመጣው ወረቀት ዛሬ ያለ ክፍያ አስተማሪ ይሆናል።

ሐ/ ባለ ሱቁ። የሒሳብ አያያዝ የሚማር ባለ ሱቅ ከሁሉ የታማነ አራሚ በእጁ አለው፤ እርሱም የገንዘብ ሣጥኑ ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ሣጥኑን ሳይከፍት በመዝገቡ ብቻ ምን ያህል ገንዘብ መኖር እንደሚገባው ያስላ። ጧት የነበረው 2,000 ብር፣ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠው 8,450 ብር፣ ከዱቤ የተሰበሰበው 600 ብር ቢሆን ድምሩ 11,050 ብር ነው። ለዕቃ የተከፈለው 3,200 ብርና ባለቤቱ ለቤቱ የወሰደው 500 ብር ሲቀነስ 7,350 ብር ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ይከፈትና ይቈጠር። የተገኘው 7,290 ብር ቢሆን የ60 ብር ልዩነት አለ።

ይህ 60 ብር በዚያው ማታ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ለተላላኪ የተሰጠው፣ ሳይመዘገብ በዱቤ የወጣው ዕቃ፣ በመልስ የተሳተው ገና ከአእምሮ አልጠፋም። በወር መጨረሻ ግን የ26 ቀን ልዩነት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ስለሚቈይ፣ የጐደለው ከበለጠው ጋር እየተጣፋ እውነቱ ይሰወራል። ስለዚህ የዕለቱ ሩብ ሰዓት ሞያውንም ያስተምራል፣ ገንዘቡንም ይጠብቃል።

8ኛ፤ የልምምድ ደንቦች

ከላይ የተነገረው ሁሉ በስድስት ደንብ ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፤ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ወይም ከተዘጋ በኋላ፣ ቀድሞ በተለመደ ሥራ ላይ ቢያያዝ ይጸናል። «ሲመች» የተባለ ሰዓት አይመጣም።

ሁለተኛ፤ ጊዜው አጭር ይሁን። ለብዙው የንግድ ሞያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ገበያ በሚደራበት ወቅት እንኳ ሊጠበቅ የሚችል መጠን መምረጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጕድለት ብቻ ይያዝ።

አራተኛ፤ መልሱ በዚያው ቀን ይታወቅ። የተገለበጠው ስኒ፣ የተሸፈነው ደብዳቤ፣ የገንዘቡ ሣጥን ሁሉ ለዚህ የሚያገለግሉ ናቸው።

አምስተኛ፤ ውጤቱ ይመዝገብ። በትንሽ ደብተር ላይ ቀኑ፣ የተሞከረው ብዛት፣ ትክክል የሆነው ብዛትና የስሕተቱ ዓይነት ይጻፍ። የተማረው ነገር በማግሥቱ፣ በሳምንቱና በወሩ መደገሙም በዚሁ ደብተር ይታይ።

ስድስተኛ፤ አንድ ቀን ቢያመልጥ በማግሥቱ እጥፍ አይደረግ። እጥፍ ማድረግ ወደ ማከማቸት መመለስ ነው። በማግሥቱ የተለመደውን መጠን ሠርቶ መቀጠል ይበቃል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1/ አንድ ንግድ ቤት ስድስት ሠራተኞች አሉት። ስለ ፖስተኞቹ የተገለጸው ቍጥር ቢሠራ፣ በቀን አራት ሰዓት በማስተማር ፈንታ በቀን አንድ ሰዓት ቢያስተምር በጠቅላላው ስንት የደመወዝ ሰዓት ይቈጠብለታል? ትምህርቱስ ስንት ሳምንት ይዘገያል?

2/ አንድ ለማጅ በሦስት ስኒ ልምምድ በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ከ30 ሙከራ 11፣ በቀጠሉት 15 ቀናት ከ30 ሙከራ 19 አገኘ። በመጀመሪያው ወቅት ተምሮ ነበር ለማለት ይቻላልን? በሁለተኛውስ?

3/ አንባቢው በቤቱ ካሉት ሥራዎች ስሕተቱ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያስከፍለውን አንዱን ይምረጥ፤ የዚያን ሞያ ልምምድ በየትኛው ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው አራሚ እንደሚያደርገው በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ዛሬ ማታ በደብተሩ ይመዝግብ።

የጥያቄ 1 መልስ፤ 6 ጊዜ 25 ሰዓት 150 ሰዓት ይቈጠባል፤ ትምህርቱ ግን ሰባት ሳምንት ይዘገያል። የጥያቄ 2 መልስ፤ በዕድል ብቻ 10 የሚገኝ ስለ ሆነ 11 ማግኘት የመማር ማስረጃ አይሆንም፤ 19 ግን ከዕድል የራቀ ስለ ሆነ ልምምዱ ፍሬ መስጠት መጀመሩን ያሳያል። የጥያቄ 3 መልስ በየቤቱ ይገኛል።